ዴንማርክ የሚባለው ወንድሜ

ያለፈው ቅዳሜ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ የሚባለው ሰፈር፣ አባቴ ቤት፣ ቅንጬ ይዤ ሄጄ ነበር። አባቴ ሰማንያን አልፏል፤ ጥርሱ ከቅንጬ ሌላ የሚስማማው ነገር የለም፤ ቅቤው ካነሰ ደግሞ «ሆስፒታል ነው እንዴ ያለሁት?» ብሎ ማንኪያውን ያስቀምጣል። ትልቋ ልጄ ሊያ አብራኝ ነበረች። እሷ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ስትጎረጉር፣ እኔ ዕቃ ሳጥብ፣ ድንገት ሳቀችና መጥታ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

ስልኩ ላይ አንድ መላጣ ነጭ ሰውዬ ኳስ ይዞ ቆሟል። ጡረታ የወጡ ተጫዋቾች ተሰባስበው ለእርዳታ የሚጫወቱት ዓይነት ጨዋታ ነው። ሆዱ ገፋ ብሏል፤ አይሮጥም፤ መሮጥም የሚፈልግ አይመስልም። የሚመጡበትን ሰዎች ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ኳሷን በግራ እግሩ ነካ ሲያደርጋት በመሀላቸው ሾልካ ጓደኛው እግር ሥር አረፈች። ካሜራው ኳሷን ተከትሎ ሄደ፤ ሰውዬው ከኋላ ቀረ።

«ማም፣ ግራንድፓ እኮ አንክል ዮኒ ልክ እንደዚህ ሰውዬ ነበር የሚጫወተው ይለኛል ሁልጊዜ። እውነት ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ።

ሳህኑን አስቀመጥኩት። «እውነት ነው» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ልጄ የጠየቀችኝ ስለ አጎቷ ነው። እኔን ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ልቤን ያዝ አድርጎኝ ዋለ። ቤቴ ገብቼ እራት ሠርቼ፣ ሰው አብልቼ፣ እስክተኛ ድረስ አልለቀቀኝም። እንግዲህ አንዴ ከተነሳ ይውጣልኝ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የሰውዬውን ስም አልጠራም። እኛም በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ ለመጥራትም አይመችም ነበር። ለሲያትል ሐበሻ «ዴንማርካዊው» ብቻ ነበር፤ በቃ። ያኔ በእንግሊዝ አገር የሚጫወት አማካይ ነበር። በእንግሊዝ ከሰዓት በኋላ የሚደረገው ጨዋታ እኛ ጋ የሚደርሰው ገና በማለዳ ስለሆነ፣ ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪ መንገድ ላይ ያለ አንድ ምግብ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለኳስ ብሎ ሳይነጋ ይከፈት ነበር። ከሌሊት ሥራ የወጣው ታክሲ ነጂና ከአየር ማረፊያ የመጣው ዕቃ ጫኝ፣ ገና ወደ ሥራ ከሚሄደው ፓርኪንግ ሠራተኛ ጋር አንድ ላይ ይታጨቃል። ውጭ ያ የማያልቅ የሲያትል ካፊያ ይወርዳል። ውስጡ እርጥብ ጃኬትና ፉል ይሸታል፤ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ጣል የተደረገበት፣ ዘይቱ ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ፉል። እስከ ዛሬ ፉል በበላሁ ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ሰው ይጮሃል።

አባቴ የዴንማርካዊውን ታሪክ እንደ ጻድቅ ገድል ነበር የሚያወራው። ዓሣ ዓሣ በሚሸት የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ፤ ገና በሃያ ዓመቱ እንግሊዝ መጣ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ሲያሞቅ ኖረ፤ አላጉረመረመም። አንድ ቀን ነባሩ ተጫዋች ሲጎዳ ገባ፤ ከገባ በኋላ የሚያስወጣው ጠፋ። ጎል ማግባት ላይ ያን ያህል አልነበረም። እሱ የሚታወቀው በማቀበል ነው። አጥቂው ያገባና ማሊያውን አውልቆ ሲጋልብ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ እሱን ሲያባርር፣ ዴንማርካዊው ብቻውን እያዘገመ ወደ መሀል ሜዳ ይመለሳል። ይሄኔ ነው ቼሪ መንገድ ላይ ያ ሁሉ ሰው አጥቂውን ትቶ ለእሱ የሚያጨበጭበው።

በገዛ አገሩ እንዲያ ስለመወደዱ እንጃ። እኛ ጋ ግን ጸጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ከቅዱሳን ሥዕል ዝቅ ብሎ የእሱ ፎቶ ተሰቅሏል። አንድ ሰውዬማ አዲስ የተወለደ ልጁን በእሱ ስም ልጥራ ብሎ ሚስቱ ከነጓዙ ልታስወጣው ነበር። ለምን ይህን ያህል እንደወደድነው አሁን ሳስበው ይገባኛል። ሰውዬው ከትንሽ አገር መጥቶ ሰው አገር የሚሠራ ነው፤ አይጮህም፣ ከዳኛ ጋር አይከራከርም፣ ሥራውን ሠርቶ ምስጋናውን ሌላ ሰው ይወስድበታል። ከዚያ ቤት ከነበሩት ውስጥ ራሱን ያላየበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ አገር ቤት ሳለን አርፋለች፤ አባቴ ዲቪ ደርሶት ሁለታችን ነን የመጣነው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ እኔ ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ቤት ትቶኝ መሄድ አይወድም፤ ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ጥግ ይዤ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። መጀመሪያ እየተነጫነጭኩ። በኋላ ደብተሩን መክፈት ራሱ ተውኩ። «አማካዩ ቦታውን እኮ ለቀቀ!» ብዬ የጮህኩ ቀን አባቴ ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት፣ ስመረቅም አላየሁበትም።

ዮናስ የመጣው በሁለተኛው ክረምት ነው። እሱም በዲቪ፣ እሱ ግን ማንንም ሳይዝ። አባቱ እሱ ሕፃን ሳለ ሞቶ አክስቱ ናት ያሳደገችው። ቡሪየን የሚባል ሰፈር ከሦስት ጎረምሶች ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርቶ፣ አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። የሰፈራችንን ቡድን የሚያሠለጥነው ጋሽ ወልዴ አንድ እሑድ ሜዳ ላይ አስገብቶት ነው ያየነው። ቀጭን ነው፣ ፈጣን አይደለም፣ ግራ እግር። ኳሷ ስትመጣለት ቀና ብሎ አላየም። ነካ አደረጋት፤ ኳሷ በሁለት ተከላካይ መሀል ሾልካ አጥቂያችን ጋ ደረሰች፤ ያ ከንቱ አጥቂያችን እንኳ አገባት። ሰው ሁሉ አጥቂው ላይ ተከመረ። ዮናስ ብቻውን ወደ መሀል ተመለሰ። አባቴ ከጎኔ ተነስቶ ቆመ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ «ዴንማርክ!» አለ። ስሙ በዚያው ወጣ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ከእኔና ከአሠሪው በቀር ጥቂት ነበሩ።

እኔ መቼ እንደወደድኩት በትክክል አላውቅም። ምናልባት ያን ቀን ነው፤ ምናልባት ደግሞ ከዚያ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ፉሉን ገፋ አድርጎልኝ «አንቺ ቃሪያውን ትወጂዋለሽ አይደል?» ሲለኝ ነው። ሰው ያየኛል ብሎ የሚናገር ልጅ አልነበረም። ሲናገር ግን ለአንቺ ብቻ ነው የሚናገረው።

ፍቅራችን ትልቁ ጠላቱ የአባቴ አውቶቡስ ነበር። አባቴ የሚነዳበት መስመር በጃክሰን መንገድ በኩል ያልፋል፤ እኔ የምማርበትም፣ ዮናስ የሚወርድበትም እዚያው ነው። ስለዚህ ከትምህርቴ በላይ ያጠናሁት የአባቴን የሥራ ሰዓት ነው። አንድ ቀን ማረፊያ ቀኑ ነው ብለን ተማምነን ፌርማታው ላይ ቆመን ስንሳሳቅ አውቶቡስ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ አባቴ! የቀረ ሾፌር ተክቶ ነው። ዮናስ ከመጠለያው ጀርባ ተወሸቀ። «ሂሩቴ፣ ምን ያስቅሻል ብቻሽን? ግቢ» አለኝ አባቴ። ገባሁ። ዮናስ በዚያ ዝናብ ቆሞ ቀረ፤ እኔ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ከአባቴ ጋር ስለ ዴንማርካዊው እያወራሁ ቤቴ ገባሁ።

በበጋ ግን አምላክ ይስጠው፣ ሲያትልም ሰው ይሆናል። ነሐሴ ላይ በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ ሥር ጥቁር እንጆሪ ይበስላል፤ የማንም አይደለም፤ ያለፈ ያገደመ ለቅሞ ይበላል። ከሜዳው ጀርባ ባለው ቁልቁለት ላይ እየለቀምን ጣታችን ወይን ጠጅ እስኪሆን እንበላ ነበር። እዚያ ነው የነገረኝ።

«ጋሽ ወልዴን አናግሬዋለሁ፤ ሽማግሌ ሆኖ ይሄድልኛል» አለ። «ፍልሰታ ይፈታ፣ የቡድናችን የዋንጫ ውድድር ይለቅ፣ ከዚያ አባትሽ ጋ ይመጣሉ። ኦኬ?»

«አባዬ እምቢ ቢልስ?»

«ጋሼ? እኔን?» አለና ሳቀ። «አባትሽ እኮ ከአንቺ በላይ ነው የሚወዱኝ።»

እውነቱን ነበር። ምነው ባይሆን ኖሮ።

በዚያው ዓመት የዴንማርካዊው ጉልበት ከተሰበረ ወራት ሆኖት ነበር። የተጎዳ ቀን ምግብ ቤቱ ውስጥ ፉሉን የሚበላ ሰው ጠፋ። አባቴ ዓይኑን እየጠራረገ «ጭሱ ነው» አለ፤ የምን ጭስ። ከዚያ በኋላ «አለቀለት»፣ «አይመለስም» እየተባለ ክርክር ሆነ። አባቴ አንድም ቀን አለቀለት አላለም። ከዮናስ ጋር በዚህ በዚህ ሲያወሩ ይውላሉ፤ ከጨዋታ በኋላ ዮናስን ይዞት ቤት ይመጣል፤ እኔ ምሳ አቀርባለሁ፤ ሁለቱ ቲቪው ፊት አንድ ትሪ ከበው ሲጎራረሱ እያየሁ፣ ማጀት ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ይሄ ቤት ሙሉ ሆነ፣ እል ነበር።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲቃረብ አባቴ ሚስጥር ያበዛ ጀመር። እኔ ስገባ ስልክ ይዘጋል። ቁም ሣጥን ውስጥ ነጭ ማር ደብቆ አገኘሁ፤ ከአገር ቤት ሰው ያመጣለት፣ እንዲህ ያለው እዚህ አይገኝም። «አትንኪው፣ ለጉዳይ ነው» አለኝ። ከዚያ መምሬን ኮል አደረገና ዋንጫው የሚያልቅበት ቀን እንዲገኙለት ለመነ፤ ሁለት ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችንም ጠራ። አዲስ ሸሚዝ ገዛ። አንድ ማታ ደግሞ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «ሂሩቴ፣ ዮናስን እንዴት ታይዋለሽ?» አለኝ። ምድር ዋጠኝ። «ጥሩ ልጅ ነው» አልኩ፤ መሬት መሬቱን እያየሁ። «እኔም እንደዚያው ነው የማየው» ብሎ ጋዜጣውን አነሳ።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? ሽማግሌ ተጠርቷል፣ ቄስ ተጠርቷል፣ ማር ተዘጋጅቷል፣ ስለ ልጁ ተጠይቄአለሁ። ዮናስ ጋ ደወልኩ። «እኔ ገና አልላክኩም፤ ምናልባት ጋሽ ወልዴ ጨዋታውን ቀደም አድርጎ ጀምሮልኝ ይሆናል» አለኝ። እኔም ከደመወዜ አውጥቼ የማላውቀውን ያህል ከፍዬ አዲስ ቀሚስ ገዛሁ። ቀለሙ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነበር። ለዚያ ቀን ብዬ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ዴንማርካዊው ተመለሰ። የዓመቱ መጀመሪያ ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጉልበቱን በፋሻ አስሮ ገባ። መጀመሪያ ያገኛትን ኳስ ሳያያት አቀበለ፤ ጎል። ያ ምግብ ቤት ጣራው ሊነሳ ነበር። አባቴ አለቀሰ፤ ጭስ እንኳ አላለም። ከሰዓት ቡድናችን ዋንጫ በላ። ኳሱን ያቀበለው ማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል? ከመጨረሻው ፊሽካ በፊት ግን የበረኛችን ጣት ተሰበረና ጋሽ ወልዴ በመኪናው ይዞት ሆስፒታል ሄደ። እኛ ወደ ምግብ ቤቱ ተመለስን። የዮናስን ጉዳይ ከሽማግሌዎቹ መሀል የሚያውቀው አንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የቀረው።

ጾም ተፈቶ ስለነበር ጥብሱ፣ ክትፎው፣ ሁሉም ነገር ተደርድሯል። ሰው ከበላ በኋላ አባቴ ብርጭቆ አንኳኳ። በአዲሱ ሸሚዙ ተነሳ። ዮናስን ጠርቶ አጠገቡ አቆመው። እኔ ትሪ ይዤ ማጀቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ዮናስ ወደ እኔ አየ። ያቺን አስተያየቱን አልረሳትም፤ ሳያይ የሚያቀብል ልጅ ያን ቀን አየኝ።

«ወንድሞቼ» አለ አባቴ። «ይሄ ዴንማርካዊ ምናችን ነው? አገሩን አናውቅ፣ ቋንቋውን አንሰማ። ታዲያ ጉልበቱ የተሰበረ ጊዜ ለምን አለቀስን? ዛሬ ሲመለስ ለምን ዘለልን? ሰው በሥጋ ብቻ አይዛመድም ማለት ነው። እግዜር ለእኔ ወንድ ልጅ አልሰጠኝም። ይሄ ልጅ ደግሞ አባት የለውም። ስለዚህ በአገሬ ደንብ፣ በመምሬና በእናንተ ፊት፣ የጡት ልጄ ላደርገው ነው።»

የአባቴ አገር መንዝ ነው። የጡት ልጅ ማለት እዚያ እንዲሁ ለአፍ የሚባል አይደለም። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፤ ልጅ የሚሆነው ያንን ይጠባል፤ በሽማግሌ ፊት ይማማላሉ። ከዚያ ወዲያ የአብራክ ክፋይ ነው፤ ይወርሳል፣ አባቱ ሲሞት ሐዘን ይቀመጣል። የሰውዬው ሴት ልጅ እህቱ ናት። እህት ደግሞ እህት ነች፤ ጋብቻ የሚባል ነገር አይታሰብም። ሲያትል ውስጥ ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ከዚህ ሁሉ አገር፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን፣ የእኔ አባት ትዝ ይበለው።

ሰው አጨበጨበ። እልልታ ቀለጠ። እኔ ትሪውን ይዤ ቆሜያለሁ። ልጅ አባቷን በሽማግሌና በቄስ ፊት «አቁም» ትላለች? እንዴት ብላ? ዮናስ ይናገር ብዬ ጠበቅሁ። አፉን ከፈተ። አባቴ አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ ዘረጋለት፤ ያ አውቶቡስ መሪ ሲያሽከረክር የሚውል ወፍራም እጅ ነው፤ ማሩ በአዲሱ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ይንጠባጠባል። ዮናስ የአባቴን እጅ አየ። ከዚያ ጎንበስ አለ።

መምሬ ሲባርኩ እኔንም ጠርተው አጠገቡ አቆሙኝ። «እንግዲህ ወንድም አገኘሽ» አሉኝ። በዚያ በቢጫ ቀሚሴ ጉንጩን ሳምኩት፤ ማር ማር ይሸት ነበር።

ጋሽ ወልዴ የደረሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሰው የሆነውን ሲነግረው ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አየሁ። እኔን ፈለገ፤ ሲያገኘኝ ኮፍያውን ብቻ በእጁ ጨመደደው።

በማግስቱ ዮናስ የጓደኛውን መኪና ይዞ መጥቶ ከኮሌጁ ጀርባ ፓርክ አደረገ። ገባሁ። በሩን የዘጋሁበት ኃይል መስታወቱን አለመስበሩ ይገርመኛል።

«ማር እኮ ነው!» አልኩት። «ጣት ላይ ያለ ማር! ማር ስለበላህ እህትህ ሆንኩ?»

«መምሬን ዛሬ ጠዋት ጠየቅኳቸው» አለ። «በእግዜር ስም ምለሃል፤ እህትህ ናት አሉኝ።»

«ለምን አልተናገርክም? አንድ ቃል፤ አንድ ቃል ብቻ!»

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ «ሂሩት፣ በሕይወቴ ልጄ ብሎኝ የሚያውቅ ወንድ የለም» አለ። «ጋሼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጃቸውን ሲዘረጉልኝ… ሶ ምን ላድርግ? እምቢ ልበላቸው? ሽማግሌዎቹ ፊት ላዋርዳቸው?»

«እኔስ?»

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ተናድጄበት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እሱ ላይ የተናደድኩት አባቴ ላይ መናደድ ስላልቻልኩ ነው። አባቴ ምን አጠፋ? የወደደውን ልጅ ወደደው። እኛም አልነገርነውም፤ በወግ፣ በማዕረግ፣ በሽማግሌ ይምጣ ብለን ጠበቅን። ወጉን ያከበርን እኛ፣ ወጉን ያከበረ እሱ። ሁላችንም ትክክል ሆነን እንዲህ ሆንን። ለአባቴ እንንገረው ወይ ብለን ተማከርን፤ ሁለታችንም አልቻልንም። በየአውቶቡሱ፣ በየፌርማታው «ልጄ እኮ ነው ዴንማርክ» እያለ ሲያወራ የሚውልን ሰው ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

ከሦስት ዓመት በኋላ አገባሁ። ባሌ ተክሌ ደግ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ይህን ታሪክም ያውቀዋል። የሠርጉ ቀን ግን መናገር አለብኝ። እንደ ደንባችን ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሲመጡ የሙሽሪት ወንድሞች በር ላይ ቆመው አናስገባም ይላሉ፤ ይገፋፋሉ፣ ይዘፈናል፣ ይሳቃል፣ ከዚያ ይገባሉ። ያው ጨዋታ ነው። እኔ ያለኝ ወንድም ደግሞ አንድ ነው።

ዮናስ በሩ መሀል እጁን ዘርግቶ ቆመ። እኔ ከውስጥ፣ በመጋረጃው በኩል፣ ጀርባው ይታየኛል። ሚዜዎቹ ዘፈኑ፣ ገፉ፤ አልተነቃነቀም። ሰው ሳቀ። ደግመው ገፉ። ሴቶቹ ዘፈኑን ጨርሰው እንደገና ጀመሩት። እሱ አልዘፈነም፣ አልሳቀም። ቆይቶ ሳቁ ቀዘቀዘ፤ አንዱ ሚዜ «ብሮ፣ በቃ እንጂ» ሲል ሰማሁ። ዘፈኑ ቆመ። ዮናስ የበሩን መቃን ግራና ቀኝ እንደያዘ ነው።

አባቴ ሄዶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ይበቃል ልጄ» አለው፤ በፍቅር፣ በኩራት። «እህትህን እንደምትወዳት አየንልህ። አሁን አስገባቸው።»

እጁን አወረደ። ወደ ጎን ሆነ። ገቡ።

በዚያው በጋ ዴንማርካዊው ኳስ አቆመ። የመጨረሻ ጨዋታው ላይ ጎል አላገባም፤ አያስገርምም። ተቀይሮ ሲወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ የተቃራኒውም ጭምር፣ ተነስቶ አጨበጨበለት። እሱ ትንሽ እጁን ከፍ አድርጎ ወጣ። ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በተወለደበት ከተማ ልጆች ያሠለጥናል ሲባል ሰምቻለሁ። ቼሪ መንገድ ያለው ምግብ ቤትም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዘጋ።

ዮናስ አሁንም ቡሪየን ነው የሚኖረው። አየር ማረፊያ አለቃ ሆኗል፤ ጥሩ ሚስት አለችው፣ ሁለት ልጆች አሉት። እሑድ እሑድ አባቴ ጋ መጥቶ ጸጉሩን ያስተካክልለታል፣ ጥፍሩን ይቆርጥለታል፣ ሐኪም ቤት ያመላልሰዋል። ከአብራኩ የወጣ ልጅ እንኳ ይህን ያህል አያደርግም። እኔን «እህቴ» ይለኛል። እኔም «ወንድሜ» እለዋለሁ። ድምፃችን አይሰበርም፤ ሃያ ዓመት ተለማምደነዋል። ልማድ ሆነ ማለት ግን ቀለለ ማለት አይደለም፤ ይህን የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት።

ቅዳሜ ዕለት ሊያ ስልኩን ለአያቷም አሳየችው። አባቴ አሁን አሁን ብዙ ነገር ይረሳል፤ የባሌን ስም ይረሳል፣ የሊያን ስም ከእኔ ጋር ያምታታል። ሰውዬውን ግን ወዲያው አወቀው። ብዙ አየው። ከዚያ ስልኩን ለልጅቷ መልሶ እኔን በእጁ ጠራኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሂሩቴ» አለኝ። «እናትሽ ሞታ እዚህ የመጣን ጊዜ እንቅልፍ አልነበረኝም። እኔም ስሞት ይቺ ልጅ በዚህ በሰው አገር ብቻዋን ልትቀር ነው እያልኩ። ወንድ ልጅ አማረኝ እያልኩ ለሰው የማወራው እንዲያው ለወጉ ነው። ለአንቺ ነው የፈለግኩት። ብዙ ልጅ አየሁ፤ ማንንም አላመንኩም። ከሁሉ እሱን መረጥኩልሽ።» እጄን ይዞ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ መልስ የሚፈልግ አስተያየት ነው። «ጥሩ መረጥኩልሽ?»

በዚህ ዓለም ላይ ካሉት ወንዶች ሁሉ እኔና አባቴ አንድ ሰው ነው የመረጥነው። እሱ ቀደመኝ።

«ጥሩ መረጥክልኝ አባዬ» አልኩት።

ደስ አለው። ቅንጬው ይሞቅልኝ አለ፤ ተነስቼ አሞቅሁለት።